መርዶና ባልንጀራ፦ የሐዘን ዜና አነጋገር ታሪክ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ

መግቢያ

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ቤተ መንግሥቱ ዝም ያለበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ሥልጣኑ እስኪደላደል ድረስ ዜናው መደበቅ ነበረበት። ተራ ሰዎችም በየጎጇቸው ሞትን ይደብቁ ነበር፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው። ልጇ በሩቅ አገር የሞተባት እናት ዜናውን ብቻዋን ሆና፣ በባዶ ሆዷ፣ በጨለማ እንዳትሰማው ሲባል ነው የሚደበቀው። የቤተ መንግሥቱን ዝምታ የታሪክ መጻሕፍት መዝግበውታል። የጎጆው ዝምታ በወረቀት ላይ ብዙ ቦታ አላገኘም፤ ማስረጃው የቀረው በቋንቋው ውስጥ ነው።

ይህ ጽሑፍ የመርዶን ቃልና ሥርዓት ይዞ ባለፉት መቶ ዓመታት ያለፈበትን መንገድ ይከተላል። የሚያቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው፦ መርዶ ወሬ ከማድረስ ይልቅ የወዳጅነት ተግባር ነው፤ የሐዘን ሥርዓቱም ይህን ተግባር በባልንጀራ ትከሻ ላይ ሲጥል የባልንጀራውን የራሱን ሐዘን ስም አልሰጠውም።

ቃሉና ጎረቤቶቹ

በአማርኛ መርዶ የሚባለው የሞት ዜና ነው። ዜናውን የሚናገረው ሰው “አረዳ” ይባላል፤ የሚሰማው “ተረዳ” ይባላል። “ተረዳ” በሌላ አገባቡ ነገሩ ገባው፣ ልብ አለ ማለት ነው፤ “ረዳ” ደግሞ አገዘ፣ ደገፈ ነው። በግእዝም “ረድአ” ረዳ ሲሆን “ረድእ” ረዳትና ደቀ መዝሙር ነው። ስለዚህ “እናቲቱ ተረዳች” የሚለው ዐረፍተ ነገር ለአማርኛ ሰሚ መርዶው ተነገራት ብቻ ሳይሆን ነገሩ ገባት የሚለውንም ያሰማል፤ በአጠገቡም የመረዳት፣ የመደገፍ ድምፅ አለ። በአንጻሩ “አረዱት” የሚለው ጽሕፈት መርዶ ነገሩት ተብሎም፣ በቢላዋ አረዱት ተብሎም ይነበባል። ሁለቱን የሚለያቸው ፊደሉ የማያሳየው መጥበቅና መላላት ነው።

የመርዶ ነጋሪው ስሞችም እንዲሁ ይናገራሉ። “ባልንጀራ” ባለ እንጀራ፣ ማለትም ከአንድ መሶብ የቆረሰ ነው። “ወዳጅ” ከወደደ የወጣ ነው። “ሚዜ” ለሠርግ ተመርጦ ዕድሜ ልኩን እንደ ወንድም የሚቆጠር ነው። “አበልጅ” በክርስትና ልጅ የተሳሰረ ነው፤ “ማኅበርተኛ” በአንድ ጽዋ የተቀመጠ ነው። አማርኛ በደም ላልተዛመዱ ሰዎች ይህን ያህል የዝምድና መግቢያ በር ከፍቷል።

የአነጋገሩ ሥርዓት

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳይበተን። ከዋዜማው የቅርብ ሰዎች በምስጢር ይገናኛሉ፤ ማን አፍ እንደሚከፍት፣ ማን አጠገቧ እንደሚቀመጥ፣ ስትወድቅ ማን እንደሚይዛት ይመካከራሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ወይም የንስሐ አባት ይጠራል። በእስልምና ተከታዮች መንደርም ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ የማጽናኛው ቃል “አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ” ይሆናል እንጂ በሰው ተከቦ መስማቱ አይቀርም።

ቃሉ በቀጥታ አይወረወርም። አስቀድሞ “ትንሽ አመመው” ይባላል፤ ቀጥሎ “ጠንቶበታል”፤ በመጨረሻም “ዐረፈ” ወይም “ተለየን”። “ሞተ” የሚለው ግሥ ከመርዶ ነጋሪው አፍ እምብዛም አይወጣም። በሽታው “ጠና” በተባለበት ግሥ ሐዘንተኛው “እግዜር ያጥናህ” ይባላል፤ ያው ግሥ የሕመሙን መክበድና የሰውን መበርታት ይሸከማል። ብዙ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ቃል ሳያስፈልግ ይቀራል። በማለዳ በሯን የከፈተች ሴት ደጃፏ ላይ የቆመውን ሰው ብዛት አይታ ትረዳለች።

መርዶውን ዘመድ ብቻውን የማይናገርበት ምክንያት አለ። ዘመድ ራሱ ሐዘንተኛ ነው፤ ማልቀስ መብቱም ግዴታውም ነው። ባልንጀራ ግን ለመታመን የቀረበ፣ ቀድሞ ላለመውደቅ የራቀ ተደርጎ ይታሰባል። ይህ ግምት ዋጋ ያስከፍላል። የሟች አብሮ አደግ የሆነ ሰው ዜናውን ከዋዜማው ጀምሮ ያውቃል፤ ያን ሌሊት እንባውን ውጦ ያድራል። ምናልባት ከሟች እናት ጋር ራት ቀርቦ በልቷል፣ ስለ ልጇ ስትጠይቀውም “ደኅና ነው” ብሏል። ሲነጋ ደግሞ አፍ የሚከፍተው እሱ ነው።

ከጎጆ ወደ እድር

አዲስ አበባ ስትሰፋ ከየአገሩ የመጣው ሰው ዘመዱን በሩቅ ትቶ ነበር። እድር የተስፋፋው በዚህ ክፍተት ነው። አጀማመሩን አንዳንድ ተመራማሪዎች ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት የከተማ ስደተኞች፣ ሌሎች በ1928–1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ያደርጉታል። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኢትዮጵያ የመረዳጃ ማኅበራት ሲጽፉ እድር በከተማው ሕይወት ሥር የሰደደ ነበር።

እድር ሁለት ድምፅ ለየ። አንደኛው በማለዳ የሚነፋው ጥሩምባ ነው፤ ለአባላት ሁሉ ቀብር መኖሩን ያስታውቃል። በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድ በሬዲዮ ሲነገር የኖረው “ታንዚያ” ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው ድምፅ መርዶ ነው፤ ለአንድ ሰው፣ ፊት ለፊት፣ በዝቅታ የሚነገር። ጥሩምባው ከመርዶው ከቀደመ በመንደሩ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው።

የእድር መተዳደሪያ ደንብ በጽሑፍ የቆመ የሐዘን ሰነድ ስለሆነ ለታሪክ ተመራማሪ ውድ ነው። ለአባት፣ ለእናት፣ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድምና ለእህት ሞት የሚከፈለውን ገንዘብ በየደረጃው ይዘረዝራል። ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚተከል፣ ያልቀበረ አባል ስንት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባልንጀራ የሚገኘው ቀባሪ፣ ድንኳን ተካይና አስተዛዛኝ ሆኖ ነው። ባልንጀራው ለሞተበት ሰው የተከፈተ መስመር የለም። ቋንቋውም ከደንቡ ጋር ይስማማል፦ ባሏ የሞተባት “መበለት” ትባላለች፣ ወላጆቹን ያጣ “ወላጅ አልባ” ይባላል፤ ባልንጀራውን የቀበረ ሰው ግን የተለየ ስም የለውም።

የተከለከለ ለቅሶ

ሥርዓቱ ምን ይይዝ እንደነበረ በግልጽ የታየው በተከለከለ ጊዜ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን በከተሞች ጎዳና ላይ ተጥሎ ይታይ ነበር፤ ቤተሰቦች እንዳያለቅሱ ይከለከሉ ነበር። እናት የልጇን ሞት ከመንገድ ዐወቀች። የሚያረዳት ሰው ወደ ቤቷ ቢሄድ ራሱ ሊጠረጠር ይችላል፤ ማለዳ ደጃፍ ላይ የሚሰበሰብ ሰውም ስብሰባ ነው። ዜናው ደርሷል፤ መርዶው ግን አልተነገረም። ለቅሶ መድረስ በተለመደበት አገር አለመድረስ የፍርሃት ምልክት ሆነ፣ በወዳጆች መካከልም ዝምታ ገባ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የጅምላ መቃብሮች ሲከፈቱና አጽሞች በክብር ሲያርፉ ብዙ ቤተሰቦች የዘገየውን ለቅሶ አለቀሱ። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾቹን ፎቶግራፎች ይዟል። በአንድ ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ፊቶች አብረው የተማሩ፣ አብረው የተደበቁ ባልንጀሮችም ናቸው።

የራቀ መርዶ

ስደት ሥርዓቱን በሌላ መንገድ ፈተነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ ከነበሩት ቤተ እስራኤላውያን መካከል 4,000 ያህሉ በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች እንደ ሞቱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ቆሟል። ቤተሰብ ተለያይቶ በተለያየ ጊዜ ስለ ደረሰ የሞትን ዜና የሚያውቀውና መስማት ያለበት ሰው ተራርቀው ነበር። መርዶም ከእነሱ ጋር ባሕር ተሻግሮ በአዲሱ አገር ቀጠለ።

በአሜሪካ ደግሞ ግጭቱ በሐኪም ቤት ታየ። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ሐኪሙ ክፉውን ዜና ለታማሚው በቀጥታ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ሲያምን፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ግን ዜናው አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ለወዳጅ እንዲነገር ይጠብቁ እንደነበር አሳይተዋል። ለሐኪሙ እውነትን መደበቅ የመሰለው ለታማሚው እውነትን በሰው መክበብ ነበር።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የተገደሉ ኢትዮጵያውያን ምስል ሲሰራጭ ከአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የሄዱ ወጣቶችን ቤተሰቦቻቸው በዚያው ምስል ለዩ። ማለዳም፣ ሽማግሌም፣ “ትንሽ አመመው” የሚል መንደርደሪያም አልነበረም። ድንኳኑ ግን ተተከለ፣ ሰፈሩም ወጣ፤ ከመርዶው የቀረውን ክፍል መንደሩ በኋላ አሟላ።

መደምደሚያ

የመርዶ ታሪክ የሚያሳየው የዜናን ፍጥነት ሳይሆን የሰውን መገኘት ነው። እግረኛ ለሳምንታት ያደርሰው የነበረውን ወሬ ዛሬ ስልክ በቅጽበት ያደርሰዋል፤ ማረዳት ግን አሁንም አንድ ሰው ከአንድ ሰው ደጅ እንዲቆም ይጠይቃል። ስደተኛው ይህን ያውቃል። አዲስ አበባ የሞተች እናት ልጅ በዋሽንግተን ወይም በቤይሩት ስትኖር ከአገር ቤት ወደ እሷ አይደወልም፤ እዚያው ከተማ ወዳለች ባልንጀራዋ ነው የሚደወለው። ባልንጀራዋ ከሥራ ታስፈቅዳለች፣ ሌሎችን ትሰበስባለች፣ ሌሊቱን በምስጢሩ ታድራለች። እናቲቱን እሷም “እማማ” ትላት ነበር፤ የእሷ ለቅሶ ግን ተራው ከነጋ በኋላ ነው።