የማረሻ መበላት

የማረሻ መበላት በበሬ የሚታረስበት ብረት ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ ጫፉ ቀስ በቀስ ማጠሩና መዶልዶሙ ነው። ጉዳዩ የሚጠናው ትራይቦሎጂ በሚባለው የሰበቃ፣ የማለስለሻና የመበላት ሳይንስ ነው። ይህ ስያሜ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ፒተር ጆስት የመሩት ኮሚቴ በብሪታኒያ ሪፖርት ካቀረበ በኋላ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘሩት በበሬ ታርሶ ነው። ስለዚህ የዶለዶመ ማረሻ በሬን ያደክማል፣ ትልሙን ያሳጥራል፣ የእርሻውንም ጊዜ ያጓትታል።

የሚበላው ክፍል

ባህላዊው የእርሻ መሣሪያ ቀንበር፣ ሞፈር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገልና ማረሻ አሉት። ማረሻውና ወገሉ ብረት ሲሆኑ ሌሎቹ እንጨት ናቸው። ድግሩ አፈሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል፤ መሬቱን ቀድሞ የሚሰነጥቀው ግን የማረሻው ጫፍ ነው።

ጫፉ የሚጓዘው ርቀት በቀላሉ ይሰላል። በትልሞች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ለማረስ 50 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ማሳው አራት ጊዜ ከታረሰ ርቀቱ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም ከደባርቅ ጎንደር ደርሶ መልስ ያህል ነው።

አፈሩና ድንጋዩ

የሰሜን ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሠሩ ናቸው። ባዛልት ውስጥ ያሉት ፌልድስፓር፣ ፓይሮክሲንና ኦሊቪን የተባሉት ማዕድናት በሞስ የጥጥርነት መለኪያ ከ5 እስከ 7 ይደርሳሉ። ለስላሳ ብረት ግን ከ4 እስከ 5 ገደማ ስለሆነ ማዕድናቱ ሊቧጥጡት ይችላሉ። በገደላማ ማሳ ላይ አፈር በጎርፍ ሲታጠብ ድንጋዩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚህም ማረሻው ይበልጥ ይጎዳል። በሰሜን ተራሮች የአፈር መሸርሸርን ካጠኑት መካከል ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ይገኙበታል።

የመበላት ሂደት

ጠጣር ቅንጣት በብረት ላይ ሲንሸራተት ሁለት ዋና ነገሮች ይከሰታሉ። አንደኛው ብረቱን እንደ መላጊያ ልጦ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ብረቱን ሳያነሳ ወደ ግራና ቀኝ ገፍቶ ቦይ ማውጣት ነው። ይህ ሁለተኛው በሙያው ቋንቋ «ማረስ» ይባላል፤ ማረሻው አፈሩን ሲያርስ የአፈሩ ቅንጣቶች ደግሞ ማረሻውን ያርሱታል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን አርቻርድ ባሳተሙት ቀመር መሠረት፣ የሚበላው ብረት መጠን ጫናውና የተጓዘው ርቀት ሲጨምሩ ይጨምራል፤ የብረቱ ጥጥርነት ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል።

የብረቱ ውስጣዊ መዋቅር

የብረት ጥጥርነት የሚወሰነው በካርቦን መጠኑና በማይክሮስኮፕ በሚታየው ውስጣዊ መዋቅሩ ነው። ፌራይት ለስላሳ፣ ፐርላይት መካከለኛ፣ ማርቴንሳይት ደግሞ በጣም ጠጣር ነው። ለግንባታ የሚውለው ተራ ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ነው። ቀጥቃጮች ከአሮጌ መኪና የሚያገኙት ባሌስትራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን ስላለው በሙቀት ሊጠጥር ይችላል።

ቀጥቃጩ ብረቱን በከሰልና በወናፍ አግሎ፣ በመስፍ ላይ እየቀጠቀጠ ጫፉን መልሶ ያሾላል። ማርቴንሳይት የሚገኘው ብረቱ ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ነው። በጣም ከጋለ ግን ቅንጣቶቹ ይተልቃሉ፣ በላዩ ላይ ያለው ካርቦንም ይቃጠላል። ያን ጊዜ የተሾለው ጫፍ ቶሎ ይበላል።

ጥጥርነት ብቻውን ግን መፍትሔ አይደለም። ውሃ ውስጥ ተነክሮ የቀዘቀዘ ብረት ተሰባሪ ስለሆነ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ድረስ መልሶ ማሞቅ፣ ወይም ጫፉን ብቻ አጠጥሮ ሌላውን አካል ለስላሳ መተው ይመረጣል። በብየዳ ጠጣር ብረት መደረብም ይቻላል፤ ይህ ግን የብየዳ መሣሪያና ኃይል ይፈልጋል።

ሙያተኞቹ

በሰሜን፣ በወገራና በጎንደር አካባቢ ከብረት ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984–85 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ቀጥቃጮች ማረሻውን የሚሠሩ ሆነው ሳለ «ቡዳ» እየተባሉ ይገለሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል።

አጠናን

መበላትን ለመለካት ማረሻው ከእርሻ በፊትና በኋላ ይመዘናል፣ ርዝመቱም ይለካል። በቤተ ሙከራ ብረቱ በሚሽከረከር የጎማ መንኮራኩር ላይ በደረቅ አሸዋ ይፈተጋል፤ ይህ ሙከራ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ጂ65 በሚባለው ደረጃ ተደንግጓል። ከዚያ የተበላው ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ጭረቱ በመላግ ወይም በ«ማረስ» መድረሱ ይለያል። ሆኖም የቤተ ሙከራው አሸዋ የማሳውን ድንጋይ ግጭት ስለማያሳይ ውጤቱ በማሳ ላይ በሚደረግ ሙከራ ይረጋገጣል።