ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የድድ ሕመም ምን ያገናኛቸዋል?

በሶማሊላንድ መዲና ሐርጌሳ "ጅግጅጋ ያር" የሚባል ሰፈር አለ፤ ትርጉሙ "ትንሿ ጅግጅጋ" ነው። እዚያም ሆነ ድንበር ማዶ በትልቋ ጅግጅጋ ሶማሊዎች "ዓደይ" የሚሉት መፋቂያ የዕለት ተዕለት ሕይወት አካል ነው። ጥርሱን በሚፋቅ ኅብረተሰብ ዘንድ ድድ ሲደማ ምክንያቱ የንጽህና ጉድለት ብቻ ይመስላል። ተመራማሪዎች ግን ቦርጭንም ይመለከታሉ።

እአአ በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች 241 ጤነኛ ሰዎችን መርምረው፣ ክብደት በጨመረ ቁጥር የድድ ሕመምም ጎልቶ መታየቱን ዘገቡ። በ2010 ቀደምት ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ደግሞ ከመጠን በላይ በወፈሩ ሰዎች ዘንድ ሕመሙ የመገኘት ዕድሉ በሲሶ ገደማ ከፍ ያለ መሆኑን አመለከተ። ይህ ዝምድናን ያሳያል እንጂ ውፍረት ብቻውን ድድ እንደሚያሳምም አያረጋግጥም።

የዝምድናው ሰበብ ከስብ ባሕርይ ይመነጫል። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስንቅ አይደለም፤ ሰውነትን የሚያስቆጡ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል። በጥርስና በድድ መካከል የሚራቡት ባክቴሪያዎች በዚህ መልኩ አስቀድሞ የተቆጣ ሰውነት ሲያገኙ፣ ድድ ከሚገባው በላይ ያብጣል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያደርገው ትግል ጥርስን የያዘውን አጥንት ጭምር ያሳሳል። አጥንቱ አንዴ ከሳሳ በኋላ ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ይወልቃልም።

ቀጭን መሆን ግን ዋስትና አይሆንም። በሐርጌሳም ሆነ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በስፋት የሚቃመው ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ ቃሚው ሊከሳ ይችላል። ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ፣ አብሮ የሚጨሰውም ሲጋራ ግን አፍን ይጎዳሉ። ሲጋራ በተለይ አሳሳች ነው፦ የድድ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የታመመው ድድ እንኳ እምብዛም አይደማም።

ድዳቸው ሲደማ መፋቅ ወይም መቦረሽ የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ሕመሙን ያባብሳል። ዓደይ በአግባቡ ከተያዘ ቆሻሻን ያስወግዳል፤ ነገር ግን የመንጋጋ ጥርሶችን የኋላ ገጽ ለመድረስ ያዳግታል፣ በኃይል ከተፋቁበትም ድድን ያሸሻል። ከድድ ሥር የጠጠረውን ቆሻሻ ደግሞ የጥርስ ባለሙያ ካልጠረገው በቀር መፋቂያም ብሩሽም አያነሳውም። ክብደት መቀነስ ለልብና ለደም ግፊት ያለው ጥቅም የታወቀ ቢሆንም ይህን ጽዳት አይተካም።

በውፍረትና በድድ መካከል ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚገኘው የስኳር በሽታ ነው። ውፍረት ለስኳር በሽታ ያጋልጣል፤ ስኳር ድድን ይጎዳል፤ የታመመ ድድ ደግሞ በተራው የደም ስኳርን መቆጣጠር ያከብዳል። ስለዚህ ክብደቱ የጨመረ፣ ድዱም አዘውትሮ የሚደማ ጎልማሳ ከጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የደም ስኳሩንም ቢለካ መልካም ነው፤ ምርመራው ጥቂት የደም ጠብታ ብቻ ይፈልጋል።