ጃፓንኛ፦ ግማሹ ከክፍል፣ ግማሹ ከሰው

ለትምህርት ወደ ጃፓን የሚሄድን ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚያስፈራው ጽሕፈቱ ነው። ፍርሃቱ ግማሽ እውነት አለው።

ጃፓኖች በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይገለገላሉ። ሂራጋናና ካታካና እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሏቸው። እንደ እኛ ፊደል አብዛኛው ምልክት ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ “ሀ ሁ ሂ” ብሎ ላደገ ሰው እንግዳ አይደሉም። የውጭ ተማሪው ስም የሚጻፈው በካታካና ነው። ከባዱ ከቻይና የመጣው ካንጂ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የዕለት ተዕለት መገልገያ ዝርዝር ውስጥ 2,136 ካንጂዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ 1,026ቱን ለመማር የጃፓን ልጆች ስድስት የአንደኛ ደረጃ ዓመታት ይወስድባቸዋል። ስለዚህ በአንድ ዓመት አልጨረስኩም ብሎ ራስን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ያደላል። ግሱ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። “እኔ ዳቦ በላሁ” ለማለት “ዋታሺ ዋ ፓን ኦ ታቤማሺታ” ይባላል። “አንተ” እና “እርስዎ” እያልን ስላደግንም አክብሮት በንግግር ውስጥ መኖሩ አይደንቀንም። ልዩነቱ ኬይጎ በሚባለው የአክብሮት አነጋገር ግሱ ራሱ መለወጡ ነው። “መብላት” በተራ ንግግር “ታቤሩ”፣ የምናከብረው ሰው ሲበላ “ሜሺአጋሩ”፣ በትሕትና ስለ ራስ ሲነገር ደግሞ “ኢታዳኩ” ይሆናል። ከጓደኛ የለቀሙትን አነጋገር ለፕሮፌሰር ይዞ መቅረብ ያስተዛዝባል።

የጃፓንኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀመረ። ከ2010 ወዲህ ከኤን5 እስከ ኤን1 አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ከሁሉም ከባዱ ኤን1 ነው። ቃላትን፣ ሰዋስውን፣ ንባብንና ማዳመጥን ይመዝናል፤ መናገርን ግን አይፈትንም። በመሆኑም ከፍተኛ ደረጃ አልፎ ከጎረቤቱ ጋር ሁለት ደቂቃ ማውራት የሚያቅተው ተማሪ ቢገኝ አያስገርምም።

የጎደለውን የሚሞላው ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ክበባት አሉ፤ በዚያ “ሴምፓይ” የሚባሉት ነባር ተማሪዎች አዲሱን ያለማምዳሉ። በብዙ ከተሞች በጎ ፈቃደኞች በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ቋንቋ ያስተምራሉ። አድማጭ በየመሐሉ “ሃይ” ቢል “እየሰማሁ ነው” ማለቱ እንጂ ሁልጊዜ መስማማቱ እንዳልሆነ፣ “ቾቶ…” ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ የተወም ሰው ብዙውን ጊዜ “አይመቸኝም” ማለቱ እንደሆነ በቶሎ የሚገባው አብሮ ሲውሉ ነው። “ጃፓንኛህ ጎበዝ ነው” የሚለውን ሙገሳም እንደ ሰላምታ ይቀበሉት፤ ሁለት ቃል ለተናገረም ይባላል።

ከሰው መገናኛው ሌላው መንገድ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። የሱቅ አስተናጋጅነት ኬይጎን በየቀኑ ያስለምዳል። እዚህ ላይ ግን ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። የተማሪ ቪዛ ብቻውን ሥራ አያሠራም፤ ከኢሚግሬሽን የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚሸፍነው በሳምንት 28 ሰዓት ነው፤ በረዥሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቀዳል። ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ ተደምሮ ይቆጠርበታል። ፓቺንኮ በሚባሉት የመጫወቻ ቤቶች በጽዳትም ቢሆን መቀጠር ክልክል ነው። ገደቡን የተላለፈ ቪዛው ላይታደስለት፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊደርስ ይችላል። ከክፍል መቅረትም እንዲሁ ለቪዛ እድሳት እንቅፋት ይሆናል።

እንግዲህ ከመጽሐፍ ጋር ብቻ የተዘጋ ዲዳ ሆኖ ይቀራል፤ ክፍሉን ትቶ ለሥራ ብቻ የሮጠም የሄደበትን ጉዳይ ሊያጣ ይችላል። ጠዋት የተማሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ማታ ለአንድ ሰው መናገር ሁለቱንም ያስታርቃል።