እማኝ የሌለው ሽያጭ፦ ያገለገለ መኪና ማስታወቂያ ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ መኪና ማስታወቂያ ሊናገር ነው መባሉ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንዳሰኘ ተረድቻለሁ። ይሁን እንጂ ያገለገለ መኪናን በበይነ መረብ ለማያውቁት ሰው መሸጥ እጅግ አሮጌ የሆነ ጥያቄ ያስነሣል። ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ በምን ሊያምነው ይችላል?

በጎንደር ዘመን ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩትን የመሬት ሽያጭ መዝገቦች የተመለከተ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ሽያጭ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዋጋው ይጻፋል፤ ዳኛው፣ ዋሱና እማኞቹም በየስማቸው ይጠራሉ። ቃል ቢታጠፍ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው። የጽሑፉ ኃይል በተጠሩት ስሞች ላይ እንጂ በአገላለጹ ውበት ላይ አልነበረም።

መሬት ግን ነውሩን የሚደብቅበት ሆድ የለውም። እንስሳና ማሽን አላቸው። የሮም የገበያ ሹማምንት ባሪያና የጋማ ከብት የሚሸጥ ሰው በሽታውንና ጉድለቱን አስቀድሞ በግልጽ እንዲናገር በአዋጅ ያስገድዱ የነበረው ስለዚህ ነው። የእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያዝዛል። ሆኖም ገዢው ወደ ሕጉ የሚሄደው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው፤ ማስታወቂያውን ያነበበው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

ጉዳዩ እስከ ጥጉ የተፈተነው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነውና ወደዚያ ልውሰዳችሁ። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 «ሞዴል ቲ» የተሰኘችውን መኪና 15 ሚሊዮን ያህል አመረተ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1919 የራሱን የብድር ድርጅት አቋቁሞ በየወሩ እየከፈሉ መግዛትን አስለመደ፤ ቆየት ብሎም በየዓመቱ መልክ እየለወጠ የአምናውን መኪና አስጠላ። አዲስ የሚገዛው ሰው አሮጌውን እንደ ከፊል ክፍያ ያስረክብ ስለ ነበር፣ የነጋዴዎቹ ግቢ ባልፈለጉት መኪና ተሞላ። ያገለገለ መኪና ማስታወቂያ ከነግነቱ ያደገው በዚህ ግቢ ውስጥ ነው።

አሜሪካውያን ብልሽቱ የማያልቅ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ቮልስዋገን በአንዲት ቢትል ፎቶ ሥር ይህንኑ ቃል ብቻውን ጽፎ ማስታወቂያ አወጣ። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው መኪናዋ ጥቃቅን ጉድለት ተገኝቶባት በፈታሾች የታገደች መሆኗን ይረዳል። መኪናዋ አዲስ ብትሆንም ትምህርቱ ለአሮጌውም ይሠራል፤ ጉድለትን መናገር አንባቢው የቀረውንም እንዲያምን ያደርገዋል።

ከ10 ዓመት በኋላ ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ወጣት የኢኮኖሚክስ ምሁር «የሎሚዎች ገበያ» የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ሦስት መጽሔቶች አንቀበልም ብለውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግን የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይኸው ሥራ ነው። (ጽሑፋችሁ የተመለሰባችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን ያዙልኝ።) ሐሳቡን በእኛ ገበያ ላስረዳ። ሁለት ተመሳሳይ ኮሮላዎች አሉ እንበል፤ ደህናዋ 1.6 ሚሊዮን ብር፣ ታማሚዋ 1 ሚሊዮን ብር የምታወጣ። ገዢው መለየት ስለማይችል ለሁለቱም መሐል ላይ ያለውን 1.3 ሚሊዮን ያቀርባል። የደህናዋ ባለቤት በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። የታማሚዋ ባለቤት ደስ ብሎት ይቀራል። ገዢው ይህን ሲገነዘብ ዋጋውን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ደህና መኪና ያላቸውም ከገበያው እየራቁ ይሄዳሉ። በዝምታ የሚጎዳው እንግዲህ ገዢው ብቻ አይደለም፤ ሐቀኛው ሻጭም ነው።

ሕግ ለመግባት ሞክሯል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ እ.ኤ.አ. በ1972 በፌዴራል ሕግ ተከለከለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ነጋዴዎች የሚያውቁትን ዋና ዋና ብልሽት በመኪናው መስኮት ላይ ጽፈው እንዲለጥፉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። የመኪና ነጋዴዎች ማኅበር ብርቱ ግፊት አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ምክር ቤቱ ደንቡን ሻረው። በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው የምክር ቤት ሥልጣን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ቢልም፣ ኮሚሽኑ በ1984 ያወጣው አዲስ ደንብ የታወቀን ብልሽት የመግለጽ ግዴታን ትቶታል። የቀረው መኪናው ከዋስትና ጋር ወይም ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ሽንፈት ይህ ነው።

ሕግ የተወውን በከፊል የሠራው የበይነ መረብ ማስታወቂያ ነው። ጋዜጣ ላይ በቃል ቁጥር ይከፈል ስለ ነበር ዝምታ ርካሽ ነበር፤ በበይነ መረብ ግን ተጨማሪ አንቀጽና ፎቶ ዋጋው ትንሽ ነው። ግሪጎሪ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት በኢቤይ ላይ የተሸጡ መኪናዎችን መርምሮ፣ ሻጩ የሚለጥፈው ፎቶና ጽሑፍ ከሽያጭ ዋጋው ጋር ጉልህ ዝምድና እንዳለው አሳይቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ በቴሌግራም የምናነበው ምንድን ነው? «በጣም ንጹህ»፣ «ምንም የማይወጣበት»፣ «ዋጋ በስልክ»። አንዱም የሚፈተሽ ቃል አይደለም። ያው መኪና በተለያዩ ደላሎች በተለያየ ዋጋ ሲወጣም እናያለን። ደላላውን የጥንቱ ዋስ ወራሽ አድርገው የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ዋሱ ነገሩ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው ነበር፤ ደላላው ግን ሽያጩ ሲፈጸም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ከብዷል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። የመጀመሪያው ባለቤት የሸሸገው ግጭት አምስተኛው ላይ ይደርሳል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዓመታት ቁጠባውን ወይም ከዘመድ የተበደረውን ይዞ የመጣ ነው።

እንግዲህ ማስታወቂያው እንዲህ ቢጻፍስ? «ቶዮታ ቪትዝ፣ ስሪቷ እ.ኤ.አ. 2003፤ አገር ውስጥ የገባችበትን ዓመት አይደለም የምጽፈው። እኔ ሦስተኛ ባለቤት ነኝ። ሊብሬው በስሜ ነው፤ የባንክ ዕዳም ሆነ እገዳ የለባትም፤ ቦሎ ታድሷል። የግራ የኋላ በር ተጋጭቶ ቀለም ተቀብቷል፤ ፎቶው በቀን ብርሃን ተነሥቷል። ካምቢዮው አምና ተጠግኗል፤ የጋራዡ ደረሰኝ አለ። በመረጡት መካኒክ ማስፈተሽ ይቻላል። ዋጋዋ ይህን ያህል ነው።» ይህ ማስታወቂያ ደረሰኙን፣ ሊብሬውንና መካኒኩን እማኝ አድርጎ ይጠራል። «ንጹህ» የሚለው ቃል ግን ማንንም አይጠራም።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ነውሩን የተናገረ ሻጭ ዋጋው ይወርድበታል ይላሉ። አዎን፣ የበሩን ያህል ይወርድበታል። ቀለሙን ገዢው ራሱ በመካኒክ ካገኘው ግን የሚቀንሰው የበሩን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሞተሩና ስለ ቆጣሪው የተነገረውንም መጠርጠር ይጀምራል።