ስለ ቀበሌ ቤት በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ጀምሮ የሰፈሮቿ አመጣጥ ከጦር ሰፈር ልማድ ጋራ የተያያዘ ነው። መኳንንቱ በየኰረብታው ሲሰፍሩ ወታደሩና አሽከሩ በዙሪያቸው ጐጆ ቀለሰ፤ ራስ ብሩ ሰፈር፥ ራስ ተሰማ ሰፈር የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ። ስለዚህም ባለጸጋውና ድኻው ጐን ለጐን ኖሩ። ኋላም ከተማዪቱ ስትሰፋ አብዛኛው መሬት በጥቂቶች እጅ ስለ ነበረ፥ ከገጠር ለመጣው ሰው መጠለያ የሚገኘው በኪራይ ሆነ፤ ቤቱም በባሕር ዛፍ ዕንጨት ተማግሮ፥ በጭቃ ተመርጎ፥ ቆርቆሮ የለበሰ ነበር።

ይህን ሥርዐት የለወጠው በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው፥ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቍጥር 47 ነው። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ፥ ቅናሹም ለዝቅተኛው ኪራይ ይበልጥ ነበር። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ እንደ ነበረ አይካድም፤ ነገር ግን ከሁለት ክፍል ኪራይ የምትተዳደር መበለት ከባለ ብዙ ቤቱ መኰንን ጋራ አብራ መቈጠሯ፥ በእኔ አስተያየት፥ ያለ ፍርድ ነበር።

የጭቃ ቤት ክረምት ባለፈ ቍጥር ምርጊት ይሻል፤ ቆርቆሮውም ይዝጋል። ለዓመታት ሳይለወጥ የቈየው ኪራይ ለዚህ ዕድሳት አልበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘቡን ለማውጣት ያመነታ ነበር። ልጅ ሲያድግ ቆጥ ይሠራል፥ ሲያገባ ክፍሉ በመጋረጃ ወይም በኮምፔርሳቶ ይከፈላል፤ ችግር የጸናበት ደግሞ ደባል ያስገባል። ማድ ቤትና መጸዳጃ የጋራ ነው። ይሁን እንጂ እንጀራ ጋጋሪዋና ጠላ ሻጪዋ ከደንበኞቿ፥ ተሸካሚውም ከገበያው አልራቁም፤ ዝቅተኛው ኪራይ የጠበቀላቸው ይህን ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤት፥ ማለት ኮንዶሚኒየም፥ በዕጣ ይታደል ጀመር። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበው ዐሥር በዘጠና ተባለ፤ ይኸውም ዐሥር እጁ ቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው በብድር የሚሸፈን ነው። ከዕጣው ባለ ዕድሎች ግን ብዙዎች የወር ክፍያው ስለ ከበዳቸው ቤቱን አከራይተው እነርሱ በርካሽ ኪራይ መኖርን መረጡ። ከመሃል ከተማ ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ዳር የሄዱትም ለቀድሞ ዕድራቸው መዋጮ ለመክፈልና ለቅሶ ለመድረስ በአውቶቡስ ይመላለሱ ነበር።