የኢሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መተካት

የኢሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መተካት ማለት አንድ ድርጅት ራሱ በሚያስተዳድረው ሰርቨር ላይ የአስተዳዳሪው መግቢያ ሲጠፋ፣ ወይም የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ፣ በአዲስ የይለፍ ቃል ሥልጣኑን መልሶ መያዝ ነው። የድሮው ቃል ከሰርቨሩ ላይ ተነቦ አይገኝም፤ የሚቀመጠው ቃሉ ሳይሆን ወደ ኋላ የማይመለስ የስሌት ውጤት (ሃሽ) ነውና።

ሁለቱ መግቢያዎች

አንደኛው የማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ (ሩት) ነው። ሁለተኛው የኢሜይል አድራሻ የሚከፍትና የሚዘጋ የአስተዳደር ገጽ ተጠቃሚ ነው። በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ፖስትፊክስ (እ.ኤ.አ. 1998) መልእክት ያስተላልፋል፤ ዶቭኮት (እ.ኤ.አ. 2002) ተጠቃሚዎች ሳጥናቸውን እንዲከፍቱ ያደርጋል።

አሠራር

«የይለፍ ቃል ረስቻለሁ» የሚለው ማያያዣ እዚህ ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ መልእክቱ የሚላከው ወደዚያው ወደተዘጋው ሳጥን ነው። ስለዚህ ለአስተዳዳሪው በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ አድራሻ አስቀድሞ መመዝገብ ይገባል።

* የሩት መግቢያ ካለ፦ የዳታቤዙ ቅጂ ይወሰዳል፤ በዶቭኮት መሣሪያ የአዲሱ ቃል ሃሽ ይሠራል፤ በአስተዳዳሪው መዝገብ ላይ የድሮው ሃሽ በአዲሱ ይተካል።
* የሩት መግቢያም ከጠፋ፦ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ በግሩብ ማስጀመሪያ በኩል ያለ ይለፍ ቃል ወደ ትእዛዝ መስኮት ይገባል፤ ዲስኩ ለመጻፍ ይከፈትና አዲስ ቃል ይሰጣል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ማሽኑ አጠገብ መገኘት ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ደብረ ሲና ሆኖ ባለሙያው አዲስ አበባ ቢሆን 190 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።
* ዲስኩ በሙሉ ተመስጥሮ የመክፈቻው ቃል ከጠፋ፦ ያለ መጠባበቂያ ቅጂ መረጃው አይመለስም።

የአስተዳዳሪው ቃል ሲተካ በሳጥኖቹ ያሉት ደብዳቤዎች አይነኩም። ቸኩሎ ሰርቨሩን እንደ አዲስ መጫን ግን ሊያጠፋቸው ይችላል።

ጥንቃቄ

ሥራው በድርጅቱ ኃላፊ የጽሑፍ ፈቃድ መከናወን አለበት። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ከተተካ በኋላ ክፍት መግቢያዎች ይዘጋሉ፤ የማይታወቁ አስተዳዳሪዎችና ደብዳቤ በስውር ወደ ውጭ የሚያሻግሩ ትእዛዞች ይፈተሻሉ። አዲሱ ቃል ታሽጎ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች በሚያውቁት ቦታ ይቀመጣል።