ባሕር የላትም፣ መርከብ ግን አላት! የድሮ መርከበኞች የሚጠያየቁት

ግቤን የማያውቅ የጉብሬ ልጅ የለም። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ስትወርዱ ድልድዩ ላይ የምትሻገሩት ያው ወንዝ ነው። ግን «ግቤ» የምትባል የኢትዮጵያ ባንዲራ ያላት የጭነት መርከብ እንደነበረች ስንቶቻችን እናውቃለን? ጡረታ የወጡ መርከበኞች ሲገናኙ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ነው የሚጠያየቁት፤ ማን ምን ያስታውሳል፣ የቷ መርከብ ምን ትባል ነበር? እኛም ጥቂቱን እንካችሁ ብለናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ብዙ ሰው «ባሕር ኃይል» እና «የንግድ መርከብ» ሲባል አንድ ይመስለዋል። አይደለም። ባሕር ኃይሉ ከ1991 በኋላ ፈርሶ እንደገና መቋቋም የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። የንግድ መርከቦቹ ግን ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ስትሆንም፣ በ1998 ጦርነት ተነስቶ አሰብ ሲዘጋብንም ሥራ አላቆሙም። መነሻና መድረሻቸውን ጅቡቲ አድርገው ቀጠሉ።

የመርከቦቹን ስም ብቻ ብትከተሉ የአገሪቱን ታሪክ ታገኛላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 ሲቋቋም መንግሥቱ የንጉሥ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «ንግሥተ ሳባ»፣ «የይሁዳ አንበሳ» እና «ላሊበላ» ተባሉ። ደርግ መጣ፤ «አብዮት»፣ «አንድነት»፣ «ነበልባል»፣ «ነጻነት» መጡ። «ቀይ ባሕር» የምትባልም ነበረች። ቀይ ባሕር ዳር አንድ ክንድ መሬት ካጣን በኋላ እንኳ ይቺ መርከብ ስሟን እንደያዘች በእኛ ባንዲራ ትዞር ነበር። ለድሮ መርከበኛ ይሄ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ቻይና ውስጥ የተሠሩ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች ገቡ። እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አለች፦ ለምን ዘጠኝ ስም? ጊዜው ክልሎቹ ዘጠኝ የነበሩበት ስለሆነ በየክልሉ ዋና ከተማ ተሰየሙ። መቀሌ፣ ሰመራ፣ ባሕር ዳር፣ ፊንፊኔ፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ሐዋሳ፣ ጋምቤላና ሐረር። ከእነዚህ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ነዳጅ ጫኝ ነበሩ። (ወልቂጤ አልደረሳትም፣ ምን ይደረግ!)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ባሕር የሌለው አገር ባንዲራውን ባሕር ላይ እንዴት ያውለበልባል? ድሮ አይቻልም ነበር። «ወደብ ከሌለህ መርከብህን የት ትመዘግባለህ? ማንስ ይቆጣጠርልሃል?» ይባል ነበር። በ1921 ባርሴሎና ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ይህን መብት በመግለጫ አወቁ። በ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ አንቀጽ 90 ደግሞ ጉዳዩን ቁርጥ አደረገው፤ ባሕር ኖረውም አልኖረውም ማንኛውም አገር በባንዲራው መርከብ የማንቀሳቀስ መብት አለው። ስዊዘርላንድ በ1941፣ በጦርነቱ መሀል፣ በዚሁ መንገድ የራሷን መርከቦች አሰማርታለች። መዝጋቢ ወደቧ ባዝል ነው፤ ወንዝ ዳር ያለ ከተማ። የእኛዎቹስ ኋላቸው ላይ ምን ተጽፎባቸዋል? «አዲስ አበባ»! ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ የመርከብ ወደብ ሆና ተመዝግባለች ማለት ነው። የውጭ መርከበኛ ካርታ ላይ ሲፈልጋት አስቡት።

ይህ መብት መርከብ ለመንዳት ነው እንጂ ወደብ አይሰጥም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና ወጪ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል ነው፤ ለዚያም እንከፍላለን።

ለጉብሬ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ እዚሁ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ለምትማሩ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም አለ። የሚቀበለው በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁትን ነው። ሰልጥነው ሲወጡ ሥራቸው ሞተር ክፍል ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹም የሚቀጠሩት የውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ነው። አብዛኛው ሠልጣኝ ጣና ዳር ሲማር ባሕር አይቶ አያውቅም።